ለአያ ዘለቀ እግር የሚሆን መርገጫ

ቅዳሜ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ባሕር ዳር

ባሕር ዳርን የለቀቅሁት ወፍ ሳይንጫጫ ነው። ወሩ የ2008 ጥቅምት ነበር፤ ጠሉ መስተዋቱን ሸፍኖታል። መንገዴ ዛሬ እስከ ዳንግላና እንጅባራ፣ ነገ ደግሞ ቁልቁል ወደ ጫግኒ ነው። ጉዳዬ አንድ ነው፦ የአባቴን ታላቅ ወንድም አያ ዘለቀን ከዳንግላ አንሥቼ፣ እሑድ ጠዋት ጫግኒ ከእናኑ አባት ደጅ ማድረስ። ልጅ ይጠይቁልኛል። አባቴ በሕይወት የለም፤ የእናኑ አባት አቶ ተሻለም ከእኛ ወገን የሚያከብሩት አያ ዘለቀን ብቻ ነው። ለሚቀጥለው እሑድ ደግሞ የሌላ ሰው ሽማግሌዎች ቀጠሮ ይዘዋል። ስለዚህ ይህ እሑድ ካመለጠኝ እናኑም አመለጠችኝ ማለት ነው።

አሁን ስለ መኪናዬ ልንገራችሁ፤ መዘዙ የሚጀምረው ከእሷ ነውና። በክረምቱ ቫኔን ጋራዥ አስገብቼ ከፍ አስደረግኋት። ባሌስትራ አስጨመርኩ፣ ትልልቅ ጎማ አስገጠምኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ የገጠር መንገድ ስለሚያስቸግር ነው እላለሁ። እውነቱን ለመናገር መኪናዋ ከፍ ስትል እኔም ከፍ የምል መስሎኝ ነው። መርገጫ ስመርጥ ሁለት ዓይነት አሳዩኝ፤ አንዱ ጥርስ ያለው ሰፊ ላሜራ፣ ሌላው የሚያብረቀርቅ ክብ ቱቦ። ቱቦውን ወሰድኩ፤ ፎቶ ላይ ያምራል። ለዚህ ጉዞ ሹፌር እንድቀጥርም የመከሩኝ ነበሩ፤ ሚስት ፈላጊ ራሱ ሽማግሌዎቹን ጭኖ ሲሄድ ታይቶ አያውቅምና። ይችን መኪና ለሰው እጅ አልሰጥም ብዬ ኮራሁባቸው።

ረፋድ፣ ዳንግላ

ዳንግላ ስገባ ጋሪዎቹና ባጃጆቹ መንገዱን ተካፍለውታል። አያ ዘለቀ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ደጃቸው ላይ ቆመዋል። በጉልምስናቸው በጉግሥ ስማቸው የተጠራ ፈረሰኛ ነበሩ። በስተርጅና አንድ ፈረስ ጥሏቸው ከዚያ ወዲህ ቀኝ ዳሌያቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። መኪናዋን ከጎማዋ እስከ ጣሪያዋ አዩና መሰላሉ የት እንዳለ ጠየቁኝ። በኩራት ቱቦዬን አሳየኋቸው።

እግራቸውን ቢያሳርፉበት ቱቦው በመንገዱ ውሃ ርሶ ኖሮ ሸርተት አደረጋቸው። በብብታቸው ይዤ አተረፍኳቸው። ጎረቤት ሮጦ የቢራ ሣጥን አመጣ። አያ ዘለቀ ሣጥኑን አይተው፣ በዚህ ላይ ቆሜ የሰው ልጅ ልጠይቅ ወይ አሉ። እኔና ጎረቤታቸው ደግፈን እንድናስገባቸው ለመንኳቸው።

«ሬሳ ሳልሆን ሰው አይሸከመኝም» አሉ።

በመጨረሻ መኪናዋን ከቦዩ ዳር ካለው ከፍ ያለ አፈር አስጠጋሁና ከዚያ ላይ ገቡ። ከተቀመጡ በኋላ ጫግኒም እንዲህ ያለ ቦይ አስቆፍሬ እንደሆነ ጠየቁኝ። ቀጥለውም ቁርጡን ነገሩኝ፤ እንጅባራ ላይ እግራቸው የሚያምነው ነገር ካላበጀሁ ከዚያው በአውቶቡስ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

አዲስ ቅዳም

ገበያ ቆሟል። የከሰል ጆንያ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድሯል፣ ፈረሶች ጭነታቸውን እንደተሸከሙ መሐል መንገድ ላይ ቆመዋል፣ ክላክሴን የሚሰማኝ የለም። አያ ዘለቀ ግን ደስ ብሏቸዋል። ከከፍታው ሆነው በመስኮት ሰውን ሁሉ በአዊኛ ሰላም ይላሉ፤ የፈረስ ዋጋ ይጠይቃሉ፤ የማንን ልጅ ማን እንዳገባ ይሰማሉ። መውጣቱ ነው እንጂ መቀመጡስ ክፉ አይደለም አሉኝ። እኔ በልቤ አውቶቡሱን እያሰብኩ ነበር።

ከሰዓት፣ እንጅባራ

እንጅባራ ብርዷ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ ካፊያም አለ። አብረውን ጫግኒ የሚሄዱት ሁለቱ ሌሎች ሽማግሌዎች፣ አንድ መሪጌታና ጡረታ የወጡ አንድ መምህር፣ ብየዳ ቤቱ በር ላይ ጠበቁን። አያ ዘለቀ በብየዳ ቤቱ ከፍ ያለ በረንዳ ላይ ወረዱና በያጁን መላኩን ጠርተው ያዘዙት ራሳቸው ናቸው።

«እርካብ ታውቅ የለ? ግራ እግር ሳያይ የሚያገኘው ነው። እንደዚያ አርገህ ሥራልኝ።»

መላኩም የፈረሰኛ ልጅ ነውና ሌላ ነገር አልጠየቀም። መጀመሪያ ያን የሚያምር ቱቦዬን ቆርጦ ጣለው፤ ፊቴን አዞርኩ። ከዚያ ጥርስ ያለው ሰፊ ላሜራ ከበሩ ግራ ጥግ ዝቅ አድርጎ መበየድ ጀመረ። ሊያገባድደው ሲል መብራት ሄደ። ሁላችንም ተሰብስበን ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ እየበላን ጠበቅን። አያ ዘለቀ አውቶቡሱ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ መምህሩን ሲጠይቁ ሰማሁና የያዝኩትን ድንች መልሼ አስቀመጥኩ።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ መብራቱ መጣ። መላኩ የእጅ መያዣ ጨመረበት። አያ ዘለቀ መያዣውን ጨብጠው፣ ግራ እግራቸውን አኑረው፣ ብድግ ብለው ገቡ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ የጎልማሳ ነበር። መላኩን አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ ወረዱ። ፊታቸውን ወደ መኪናዋ፣ ጀርባቸውን ወደ እኛ አዙረው፣ ልክ ከፈረስ እንደሚወረደው። መሪጌታው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አያ ዘለቀ፣ ነገ በሰው ደጅም እንዲህ ነው የሚወርዱት?»

ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ለቤቱ ሰዎች ጀርባውን ሰጥቶ ሲወርድ ታየኝ። እኔም፣ መላኩም፣ አያ ዘለቀም የፈረስ አገር ሰዎች ነን፤ ስንለካ የዋልነው መውጫውን ብቻ ነበር። ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው ሊሞክሩት ቢሉ ዳሌያቸው እምቢ አለ። ያኔ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ የመኪናዋን በር ከቤቱ በተቃራኒ አዙሬ ባቆምስ አልኩ። ማንም ሳያያቸው በማዶ በኩል ይወርዱና በፊት በኩል ዞረው በክብር ይቀርባሉ። ሽማግሌዎቹ አመሰገኑኝ። እኔም ራሴን እንደ ብልህ ቆጥሬ አልጋዬ ላይ ወጣሁ።

እሑድ፣ ጫግኒ

ቁልቁለቱን በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ዝቅ ዝቅ ያደርጋሉ፣ የማንጎ ዛፎች ይታያሉ። እናኑ ትናንት ማታ ኔትወርክ እየተቆራረጠ ያስጠነቀቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ አባቷ እኔን እዚያ ካዩኝ ነገሩን እንደ ቀልድ ይቆጥሩታል።

ከአቶ ተሻለ አጥር ሥር ደርሼ በሩን በማዶ አድርጌ ስቆም ነው ብልሃቴ ሙሉ በሙሉ የተገለጠልኝ። የተሳፋሪው በር በማዶ ከሆነ የሹፌሩ መስኮት ወደ ቤቱ ነው። ሰዎች ከግቢው እየወጡ ነበር። ለማዞር ጊዜ የለም። የፊት ወንበሮቹ ላይ ተጋድሜ ጋቢ እስከ ራሴ ተከናነብኩ፤ በጫግኒ ሙቀት።

አያ ዘለቀ እንደታሰበው በማዶ ወርደው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ በመኪናዋ ፊት ዞረው ሄዱ። ሰላምታው ሲረዝም ሰማሁ። ከዚያ ሁሉም ወደ ቤት ገቡ። ላቤ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ውስጥ ምን እየተባለ እንደሆነ አላውቅም። እናኑን እወዳታለሁ፤ ያን ያህል መውደዴን ያወቅሁት ግን በጋቢው ውስጥ ነው።

ብዙ ቆይተው ወጡ። አቶ ተሻለ ሊሸኟቸው አብረው ይመጣሉ። ያው የተለመደው መልስ ነው፤ ከዘመድ እንምከርና ተመለሱ። እሺም እምቢም አይደለም። አያ ዘለቀ መርገጫውን ረግጠው ገቡ። ቀጥሎ መኪናዋ ጋደል አለች። አቶ ተሻለ እግራቸውን መርገጫው ላይ አኑረው እየተጫኑት ነበር።

የት እንደተሠራ ጠየቁ፤ እንጅባራ ተባሉ። ሹፌሩ ምን ሆኖ እንደተጋደመ ጠየቁ። አያ ዘለቀ፣ ያውም በእሑድ ቀን ዋሽተው፣ እንቅልፍ ጥሎት ነው አሉ።

«እንግዲያው ሲነቃ ንገሩት» አሉ አቶ ተሻለ፣ ድምፃቸውን ወደ ጋቢው ከፍ አድርገው። «የእናኑ እናት ግራ ጉልበቷን ያማታል። ነገ ከነገ ወዲያ ልጇን ልትጠይቅ ባሕር ዳር ስትመላለስ በቀኝ እግሯ የምትወጣበት ይጨምርበት።»

ከጋቢው ሥር ሆኜ «እሺ» አልኩ።