መቂ ላይ ሱፐር ስጠብቅ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ሱቄ በር ላይ አሮጌ ሞተር ሳይክል አቁሞ ገባ። ከአያቱ የወረሰው ነው፤ ቀለሙን አሳድሶ፣ ብረቱን አስወልውሎ ሙሽራ አስመስሎታል። አዳማ ውስጥ የሞተር መለዋወጫ ስሸጥ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነውና እንዲህ ያለ ሲመጣ ደስ ይለኛል። ልጁ ግን ዕቃ አልፈለገም። ስልኩን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ ኢንተርኔት ላይ አንዱ ኦክቴኑ ዘጠና አምስት ካልሆነ ሞተሩ ይበላሻል ይላል፤ ሌላው ሰማንያ ይበቃዋል ይላል። የቱን ልቅዳ?» አለኝ።

ሳቄ መጣ። ግማሽ ቀን ተሰልፎ የተገኘውን ለሚቀዳ ሰው ምርጫ ምን ያደርግለታል? ቢሆንም ጠያቂ አይናቅምና አስረዳሁት። ኦክቴን የቤንዚን ጉልበት አይደለም። ቤንዚኑ ሞተር ውስጥ ሲጨመቅ ያለጊዜው እሳት እንዳይዝ የሚያደርገው ነገር ነው። አጥብቆ የሚጨምቅ ሞተር ከፍተኛውን ይፈልጋል፤ ዝቅተኛውን ከሰጡት ያንኳኳል። የድሮዎቹ አብዛኞቹ ግን ብዙ አይጨምቁም፤ ተራው ይበቃቸዋል። ልጁ አመስግኖኝ ሄደ። እኔ ግን የዚያን ቀን ሥራ እጄ አልገባ አለ።

ልጅ ሳለሁ አዳማን ናዝሬት ነበር የምንላት። አባቴ ሲሞት ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሙ፣ አጎቴ ገብሬ ነው። ይህ ሱቅ የእሱ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አብልቶኛል፣ አስተምሮኛል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ግን ከባንኮኒው ኋላ አቆመኝ፣ እኔም እዚያው ቀረሁ። ከጠዋት እስከ ማታ የግራሶና የጎማ ሽታ ነው። በበሩ ትይዩ አውቶቡሶች ያልፋሉ፤ ሁሉም የሚሄድበት አለው፣ እኔ ብሎን እለያለሁ። አንዳንድ ቀን ትንፋሽ ያጥረኝ ነበር። «ምን ጎደለህ?» ይሉኛል ሰዎች። ምንም አልጎደለብኝም። ችግሩም እሱ ነበር፤ ምን ብዬ ልውጣ?

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ለማንም ሳልናገር፣ ኩየራ ነርስነት ለመማር አመለከትኩ። ሻሸመኔ ሊደርሱ ሲሉ ነው ኩየራ። የፈተናው ጥሪ እጄ የገባው ግን በፈተናው ዕለት ጠዋት ነው፤ ፈተናው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። የሻሸመኔው አውቶቡስ ደግሞ ጎህ ሲቀድ ወጥቷል። ደብዳቤውን ለአጎቴ ሰጠሁት። አንብቦ አጠፈው። ከዚያ ኪሱ ገባና የሞተር ሳይክሉን ቁልፍ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

ሞተሩን ከአንድ ጣሊያን መካኒክ ነው የገዛው። ያን ጊዜም አሮጌ ነበር፤ አጎቴ ግን ከራሱ ሌላ ማንም እንዲያጥበው አይፈቅድም ነበር። በዚያ ዘመን ማደያዎች ሁለት ዓይነት ቤንዚን ይሸጣሉ፣ ኦክቴኑ ከፍ ያለውን ሱፐርና ተራውን ሬጉላር።

«ሂድ» አለኝ። «ግን ሱፐር ብቻ። ሌላ ብትቀዳበት የአባትህ አጥንት ይውጋህ።»

በአባት አጥንት የተያዘ ልጅ ምን ይላል? እሺ ብዬ ወጣሁ። ሰልባቲዮው ውስጥ የነበረው ቤንዚን ከግማሽ በታች ነበር። ናዝሬት ሱፐር ጠፍቷል፣ ሞጆም የለም። ቆቃን አልፌ መቂ ስደርስ አራት ሰዓት ሆኗል፤ ከዚያ ወዲያ በቀረኝ ቤንዚን ኩየራ እንደማልደርስ አውቃለሁ። ማደያው ላይ ወረፋ አልነበረም። ቀጂው፣ ጋሽ ቱፋ የሚባሉ ሽበታም ሰው፣ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ሱፐር አለ?» አልኳቸው።

«የለም። ቦቴው መጣሁ ብሏል። ሬጉላር ግን እንደ ልብህ።»

«እጠብቃለሁ።»

ሞተሩን ዞር ብለው አዩት። «ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ለዚህ ሞተር የድሮ ባለቤቱ ጣሊያኑ እዚሁ ይቀዳለት ነበር፣ የሚቀዳውም ሬጉላር ነው። ሱፐር ምን ያደርግለታል?»

«አጎቴ በአባቴ አጥንት ይዞኛል።»

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ አጥንት ካለበት እኔ አልገባም» አሉና ወንበራቸውን ወደ ጥላው ሳቡት።

ነሐሴ ነበር። ዝናብ አባርቶ መሬቱ ይጨሳል። መንገድ ዳር ሴቶች የበቆሎ እሸት ይጠብሳሉ፤ አንድ ገዝቼ ሳልቀምሰው ያዝኩ። አምስት ሰዓት ሆነ፣ ስድስት ሆነ። አንድ የሽንኩርት መኪና ሾፌር፣ «ሻሸመኔ ነኝ፣ ውጣ!» ብሎ ቆመልኝ። የሰው ሞተር አደራ አለብኝ አልኩት። ጋሽ ቱፋ «እኔ እጠብቅልሃለሁ» አሉ። እሳቸውንም እንቢ አልኳቸው። ስድስት ተኩል ላይ እንደገና ተነስተው የሬጉላሩን መቅጃ ጎማ ይዘው አጠገቤ ቆሙና ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ፊቴን አዞርኩ። ስምንት ሰዓት ሲሆን እንባዬ መጣ። ቦቴው የደረሰው ከዘጠኝ በኋላ ነው። ሱፐሬን ሞልቼ ወደ ናዝሬት ተመለስኩ።

አጎቴ በር ላይ ቆሞ ነበር። መጀመሪያ ያየው ሞተሩን ነው። «ሱፐር ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ጎበዝ። ገብተህ ብላ።»

በሳምንቱ አብረን ማደያ ሄድን። አጎቴ ዓይኑን ሳያሽ ሬጉላር አስሞላ። አፌን ከፍቼ ሳየው፣ «ሱፐር ከሌለ ምን ይደረግ? ሞተር ጾም አያውቅም» አለኝ። ያቺን ቃል ለሃያ ዓመት ይዤበት ኖርኩ። ሚስቴም ልጆቼም ታሪኩን ያውቁታል፤ አጎቴ ባይዘኝ ኖሮ ነርስ ነበርኩ እላለሁ፣ እነሱም ከንፈር ይመጣሉ።

ያልነገርኳቸው ነገር አለ። በሚቀጥለው ዓመት ያው ፈተና ተጠርቶ ነበር፤ በጊዜ ሰማሁ፣ አውቶቡስም ነበረ፣ አጎቴም አልከለከለኝም። አላመለከትኩም። አሁን አጎቴም ጋሽ ቱፋም ካረፉ በኋላ፣ ሱቁን ዘግቼ ብቻዬን ስቀመጥ፣ ያን ቀን መቂ ላይ የጋሽ ቱፋን ዓይን ለምን እንደሸሸሁ ራሴን እጠይቃለሁ። የአባቴን አጥንት አልፈራሁም። አባቴ በሕይወቱ ሰው ያስጨነቀ ሰው አልነበረም። የፈራሁት ፈተናውን ነበር፤ ገብቼ ብወድቅ ከዚያ ወዲያ ማንን እወቅሳለሁ ብዬ ነበር።