መስታወት አስመስዬ የለሰንሁት ግድግዳ

ዛሬ የልጄን አዳራሽ ግድግዳ በገዛ እጄ አበላሸሁ።

ፊደል አልቆጠርሁም፤ ይህን የምትጽፈው ራሷ ልጄ ናት። እየሳቀችብኝ ነው። ይሁን፣ ጻፊው!

እንጅባራ ላይ የሠርግ አዳራሽ ሠርታለች። ጎረቤቶቿ «ጩኸቱን ካላስቀረሽ አትከፍቺም» ስላሏት፣ ባለሙያዎች አስመጥታ ከድንጋይ የተሠራ ጥጥ በቱቦ ግድግዳውና ጣሪያው ላይ አስረጨች። ድምፅ ይውጣል፣ እሳትም ያግዳል አሉ።

እኔ ሳየው ያልተሸለተ በግ መሰለኝ። ዳንግላ ድረስ እየተጠራሁ ግድግዳ የመረግሁ ሰው ይህን ጎፈሬ ዝም ብዬ ልየው?

ሰዎቹ ምሳ ሲሄዱ እጄን ውሃ እየነከርሁ፣ እንደ ጭቃ ተጭኜ ለሰንሁት። መስታወት አስመሰልሁት!

ባለሙያው ተመልሶ ሲያየው ራሱን ያዘ። «አባባ፣ ምን አደረጉት? እንደተንጨባረረ ሲተው እኮ ነው ድምፅ የሚውጠው!»

«አስቀያሚ ነበራ!» አልሁት፣ ክንዴን እያከክሁ። ለካ ያሳክካል።

ፍቀው እንደገና ረጩት። ሲጨርሱ ልጄ ዘፈን ከፍታ ልትሞክረው እኔን አስወጥታ በሩን ዘጋች። እሑድ አዳራሹ ውስጥ የሰው ሠርግ አለባት፤ ድምፅ ከወጣ ሠርጉ ቀረ።

«ክፈቺ! እኔም ልስማ!» እያልሁ በሩን ደበደብሁ። ማን ሰምቶኝ! ውስጥ ዘፈኑ እየቀለጠ፣ እኔ ደጅ ቆሜ የሰማሁት የራሴን ጩኸት ብቻ ነው።

ሥራው ጥሩ ነው፤ ምስክሩ እኔ ነኝ። የእኔ ልስን ግን ያምር ነበር።

እስቲ ላግዝ ብሎ ያበላሸ ሌላ ሽማግሌ ካለ ያጽፍልኝ፤ ብቻዬን መሳቂያ አልሁን።