ወርደው ያዙሩት

ጋራዡ ውስጥ መካኒኩን በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «አሥራ ሦስት ቁጥር» ነው የሚለው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጫፉ ላይ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ከሳጥን ውስጥ የወጣ አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ ይመስላል። እጁ ወርቅ ነው። እሱ የፈታው መኪና ሲገጠም አንድ ብሎን ተርፎ አያውቅም፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል። እንዲህ ወሬ የማይሰለቸው ሰው አንዲት መናገር የነበረበትን ነገር ሳይናገር መቅረቱ ነው የሚገርመው።

አንድ ቀን የጤና ጣቢያው ሾፌር የጣቢያውን መኪና ይዘው መጡ። ሠላሳ አንድ ዓመት የነዱ፣ ጨዋታ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ጋራዡ በሙሉ ጋሼ ይላቸዋል። የመኪናዋ የፊት ጎማ ሎክ አውቶማቲክ ነበር። ጋሼ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ ከማርሹ አጠገብ ያለውን ዘንግ ሲስቡ የፊት ጎማዎቹ በራሳቸው ይቆለፉና ከኋለኞቹ ጋር አብረው ይጎትታሉ። አሁን ግን ውስጡ ተበልቶ አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል። አሥራ ሦስት ቁጥር አውልቆ ጣለውና በእጅ የሚዞረውን ገጠመላቸው። ይሄኛው አይከዳም። ብቻ ጭቃ ሲመጣ ሾፌሩ ወርዶ በሁለቱም የፊት ጎማዎች መሐል ያለችውን ማዞሪያ በእጁ ማዞር አለበት። ካላዞረ ዘንጉን ቢስብም ባይስብም ያው ነው።

ሥራው ያኮራል። ግራሱን ሞላ፣ ቀለበቷን አስገባ፣ ስድስቱን ብሎኖች ተራ በተራ አጠበቀ። ማዞሪያዋን ማሳየት ብቻ ቀረው። ሊያሳያቸው ጎንበስ ሲል ጋሼ አንድ ቀልድ ጀመሩ፤ አማቱን ጭኖ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ስላለው ሰው። እሱ ሆዱን ይዞ ሲስቅ እሳቸው ቁልፉን ተቀብለው ሄዱ።

በሳምንቱ መኪናዋ ክትባት እንደጫነች ወንዝ ዳር ጭቃ ያዛት። ጋሼ ዘንጉን ሳቡ። የኋላ ጎማዎቹ ጉድጓዳቸውን ይቆፍራሉ፣ የፊቶቹ ቆመው ያያሉ። በማግስቱ ትራክተር ጎትቶ እስኪያወጣት ሳጥኑ ውስጥ የነበረው በረዶ ቀልጦ ክትባቱ ተበላሸ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጋሼንም መኪናዋንም ይዛ ጋራዡ መጣች። አሥራ ሦስት ቁጥር ማዞሪያዎቹን አየ፤ ሁለቱም እሱ እንደተዋቸው ናቸው። ያኔ ነው ምላሱ የቀደመው።

«ጋሼ፣ ወርደው ያዙሩት ብዬዎት አልነበር?» አለ።

ጋሼ አዩት። ከዚያ መሬት መሬቱን እያዩ ቆዩ፤ የዚያን ቀን የተባባሉትን አንድ በአንድ ሲፈልጉ ያስታውቅባቸው ነበር።

«ብለኸኝ ይሆናል» አሉ። «ረስቼው ነው።»

ቢቆጡት ይሻለው ነበር። «ውሸታም» ቢሉት ይከራከር፣ ተረትቶም ይወጣለት ነበር። እሳቸው ግን አመኑት። በነጋታው ቁልፉን ኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ፤ የሚረሳ ሰው በሽተኛ መጫን የለበትም ብለው። ማንም አላባረራቸውም፤ ራሳቸውን አባረሩ።

ሦስት ወር ሙሉ አሥራ ሦስት ቁጥር እህል አልወርድለት አለ። ሚስቱ ምን ሆንክ ስትለው ጨጓራዬ ነው ይላል። ጨጓራ ምን በወጣው! ጋራዡ የገባውን ሁሉ እየጎተተ ስለ ማዞሪያ ማስረዳት ጀመረ፤ የፊት ጎማው ሎክ የሚባል ነገር ለሌለው የታክሲ ሾፌር ሳይቀር። ሰውየውን ምን ነካው ተባለ።

አንድ እሁድ ጠዋት ብርቱካን ገዝቶ ጋሼ ቤት ሄደ። በሩ ጀርባ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ቁልፍ ይዘሃል?» ቡታጋዙ ላይ ሌላ፦ «አጥፍተሃል?» ጋሼ ዓይኑን ተከትለው ሳቅ አሉ። ባለቤታቸው ናት የለጠፈችው፤ ቤቱን በትራፊክ ምልክት ሞላችው አሉ። ሳቃቸው የድሮው አልነበረም። አሥራ ሦስት ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

«ጋሼ፣ አልነገርኩዎትም» አለ።

«ምኑን?»

«ማዞሪያውን። ወርደው ያዙሩት አላልኩዎትም። ኃላፊዋ ፊት አፍሬ ነው የዋሸሁት። እርስዎ ምንም አልረሱም።»

ጋሼ ብርቱካኑን እየላጡ ነበር፤ ልጣጩ እንደተንጠለጠለ እጃቸው ቆመ። እሱ ጥፊም ስድብም ጠብቆ አንገቱን ደፋ። ጋሼ ግን ወደ ጓዳ ዞረው ባለቤታቸውን ተጣሩ። እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች።

«ለእሷም ንገራት» አሉት። «እኔ ብነግራት ረስቶት ነው ትላለች።»