ጋጠወጥ የተባልኩበት ቀን

«ጋጠወጥ» የሚለው ቃል ከበረት የመጣ ነው። ጋጥ ማለት በረት ውስጥ ከብት የሚታሰርበት ክፍል ነው፤ ከጋጡ ወጥቶ የሰው ጓሮ የሚገባ ከብት ጋጠወጥ ይባላል። ይህን የነገረኝ አባቴ ነው፣ አንዲት ጊደራችን ገመዷን በጥሳ የጎረቤት ጎመን የበላች ዕለት። ሥርዓት የለቀቀ፣ ዓይን አውጣ የሆነ ሰውም ማሰሪያውን የበጠሰ ከብት ስለሚመስል ቃሉ ወደ ሰው ተሻገረ።

ቀጨኔ ዳገቱ ላይ፣ ግቢያችን ውስጥ ላሞች አሉን። እናቴ ስታርፍ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ላሞቹን ተረከብኩ። ጠዋትና ማታ አልባለሁ፣ ወተቱን በየደንበኛው ቤት አደርሳለሁ። ሰው ፊት መናገር ግን አይሆንልኝም። ደንበኞቼ ድምፄን የሚያውቁት «ወተት» ስል ብቻ ነው።

አምና ሽማግሌዎች መጡ፤ ዊንጌት አካባቢ ሱቅ ላለው ሰው ሊጠይቁኝ። ሽማግሌ የተላከባት ልጅ አትታይምና አክስቴ ጓዳ አስገብታ መጋረጃውን ሳበችብኝ። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ቆመው ቀሩ።

«ኧረ ተቀመጡ» አለ አባቴ።

«ጉዳያችንን ሳይሰሙልን አንቀመጥም።»

ከሰማቸው በኋላ ተቀመጡ። ድምፁ ጎላ ያለው ሽማግሌ ሰውየውን ሲያመሰግን ቆይቶ፣ «ከዚህ ከእበት ሥራ ያሳርፋታል። ላሞቹ ይሸጣሉ፤ እሷም ንጹሕ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ትላለች» አለ።

«እግዜር ይስጣችሁ» አለ አባቴ። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ እሺ ሊል ሲል እንዲህ ይለሰልሳል። ለእኔ ደግ ያደረገ መስሎት እንደሚሰጠኝ ገባኝ። እኔ ግን ልረፍ አላልኩም። በዚህ ከተማ ሰው «የእኔ» የሚለው ነገር ካለው፣ የእኔ እነዚያ ላሞች ናቸው።

የማለቢያው ሰዓት ደረሰና ላሞቹ መጮህ ጀመሩ። ሰዓቱ ካለፈ ጡታቸው ይወጠራል፣ ያማቸዋል። ጓዳው ደግሞ ከሳሎን በቀር መውጫ የለውም። ባልዲዬን አንስቼ መጋረጃውን ገለጥኩና በሽማግሌዎቹ መሃል አለፍኩ።

«ወዴት ነው? ተመለሺ» አለች አክስቴ።

«ላሞቹ እየጮኹ ነው።»

«ጋጠወጥ። በሽማግሌ ፊት ባልዲ ይዛ። አየህ ወንድሜ? ከላም ጋር ውላ ላም ሆነችልህ።»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቀ። «ባዶ ዕቃ ይዛ ወጣችብን፤ እንግዲህ ገዳችንን አየነው።»

ድምፁ ጎላ ያለው ግን ወደ እኔ ዞረ። «ከወጣሽ አይቀር፣ አንቺስ ምን ትያለሽ ልጄ?»

ሰው ፊት መናገር እንደማይሆንልኝ አውቃለሁ። ያም ሆኖ መለስኩ። «አላገባም፣ አባባ። ሰውየውን ክፉ ነው አላልኩም። ላሞቹ ግን አይሸጡም፤ ሥራዬን እወደዋለሁ።»

«ይኸው፣ አፍም አወጣች» አለች አክስቴ።

አባቴ ከመቀመጫው ተነሳ። ከዚያም ሽማግሌዎቹን፣ «ተመካክረን መልስ እንሰጣችኋለን ልላችሁ ነበር። መልሱን ከራሷ ሰማችሁት፤ እኔም የምጨምርበት የለኝም» አላቸው።

አክስቴን አልተቀየምኳትም። ደንብ አፍርሻለሁ፤ ለዚያ የተሠራው ቃል ደግሞ ያው ነው። ግን ከላሞች ጋር የኖረ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ከብት ያለ ነገር ከጋጡ አይወጣም፤ ወይ ርቦታል፣ ወይ ጠምቶታል። ቃሉን ያወጡት ጎመናቸው የተበላባቸው ሰዎች ናቸው፤ ላሟን የጠየቃት የለም።

ሽማግሌዎቹን ሸኝቶ ሲመለስ አባቴ በረት ገባ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ሳልብ አጠገቤ ቆሞ አያውቅም ነበር። ጥጃውን ከእናቱ ስቦ ያዘልኝ።

«የላሞቹ ፉርሽካ ሊያልቅ ነው» አለ።

«ነገ እገዛለሁ» አልኩት።