የእንግዳው ወገን ቱርክኛ

እታለም ምግብ ቤቱ ከመከፈቱ በፊት በየጠዋቱ ብርጭቆ ትወለውላለች። አንዱን ታነሣለች፤ በነጭ ጨርቅ ውስጡን፣ ከዚያም አፉን ታዞርበታለች፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ታቀናዋለች፤ የጣት አሻራ ካየችበት እንደገና ትጀምራለች። ድሮ ይህን ስትሠራ ታንጎራጉር ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ማንጎራጎሩን ትታ ብርጭቆዎቹን በቱርክኛ ታናግራቸው ጀመር።

«ሜኑዩ አላቢሊር ሚይም?» ትለዋለች አንዱን። ብርጭቆው ዝም። «ሄሳፕ ሉትፌን» ትለዋለች ቀጣዩን። ይህኛውን ትወደዋለች፤ ሄሳፕ ያው የራሳችን ሒሳብ ነው፣ ቱርኮቹም እንደ ሌላው ሰው በልተው ሒሳብ ይጠይቃሉ ማለት ነው።

«ከብርጭቆ ጋር ነው ወይስ ከአጋንንት ጋር?» ይላል አብሳዩ ምግብ በሚያቀብልባት ትንሽ መስኮት አንገቱን አውጥቶ።

«አንተ ሽንኩርትህን ላጥ።»

አብሳዩን ቤቱም ደንበኛውም «አቶ ጨው» ነው የሚለው። ሾርባ ይቅመስ፣ ዜና ይስማ፣ ሙሽራ ይይ፣ ፍርዱ አንድ ነው፤ «ጨው አነሰው።» እታለምም የመዝገብ ስሟ ሌላ ነው። ስሙን ያወጡላት ያሳደገቻቸው ታናናሾቿ ናቸው፤ ከእነሱ ጎረቤት ወሰደው፣ ከጎረቤት ደንበኛ ወሰደው። አራት ሳህን በአንድ ክንድ ደርድራ በጠባቧ መተላለፊያ ስትሄድ ወንበር የሚያስጠጋላት እንጂ ይወድቅባታል ብሎ የሚፈራ የለም። «ሰው ምን እንደሚበላ ከአረማመዱ አውቃለሁ» ትላለች። ትዕቢት ነው የሚሉ አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ልክ ናት።

ዓይኗን ከጣለችበት የቆየው የፎቁ ክፍል ነው። በጠባብ ደረጃ ይወጣል፤ ሦስት ሰፋፊ መስኮቶቹ ወደ መንገዱ ያያሉ። ውስጡ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮችና ባዶ የጋዝ ሲሊንደሮች ተከማችተውበታል። ባለቤቱን ስንት ጊዜ «ጋሼ፣ ክፍሉን ለእኔ ይስጡኝና ይዩ» ብላዋለች። መልሱ ሁልጊዜ «ሰው ሲበዛ» ነበር። ሰው ደግሞ አልበዛም።

ከመንገዱ ጀርባ ያለው የክር ፋብሪካ አዳዲስ ማሽኖች ሲያስመጣ፣ ማሽኖቹን የሚተክሉ ቱርኮች አብረው መጡ። ባለቤቱ ሰዎቹ እስከሚሄዱ ድረስ ምሳ የሚበሉበት ቤት እየፈለጉ መሆኑን ሰማ። ሐሙስ ዕለት ኀላፊያቸው ከሁለት ሰዎች ጋር መጥቶ ቤቱን ሊሞክር ተስማማ። ባለቤቱ እታለምን ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ ጠርቶ ነገሩን ሳያሽሞነሙን ነገራት።

«ከወደዱን ፎቁን እከፍተዋለሁ፤ ኀላፊዋም አንቺ ነሽ። ካልወደዱን ልብስ ሰፊው አከራየኝ እያለ ደጅ እየጠናኝ ነው። ለእሱ እሰጠዋለሁ።»

«ልብስ ሰፊው ሌላ ቤት ይፈልግ ጋሼ።»

«በምን ልታናግሪያቸው ነው? ያላቸው አስተርጓሚ አንድ ነው፤ እሱም ምሳውን የሚበላው ቤቱ ሄዶ ነው።»

«በቱርክኛ ነዋ!» አለች። ያን ቀን የምታውቀው ቱርክኛ አንድም አልነበረም።

የእህቷ ልጅ በእታለም ስልክ ላይ አንድ ትምህርት ጫነችላት። በምግብ ቤት የሚጠቅሙ የቱርክኛ አነጋገሮች ይላል። እዚያ አገር ብዙ የኖረች ሴት አማርኛውን ትልና ቱርክኛውን ቀስ ብላ፣ ሕፃን እንደሚያጎርስ ሰው፣ ታስከትላለች። እታለም ስልኳን ከሽርጧ ኪስ፣ ገመዱን ከአንድ ጆሮዋ አድርጋ ብርጭቆ ስትወለውል፣ ጠረጴዛ ስታለብስ፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ ደገመችው። ረቡዕ ሲደርስ ሁሉንም ያለ መንተባተብ ታንበለብለው ነበር። የቀራት በሰው ላይ መሞከር ብቻ ነው።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ቤቱ ጭር ሲል «አቶ ጨው፣ ና ውጣና ተቀመጥ» አለችው። «ቱርክ ነህ።»

«ቱርክ ከሆንሁ ደመወዜ ይጨምራል?»

«ሪዝህ ነው የሚጨምረው። ተቀመጥ አልኩህ።»

አቶ ጨው ሽርጡን ፈትቶ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ፤ ደረቱን ነፋ፤ የሌለውን ሪዙን ፈተለ። እታለም ሜኑውን ብብቷ ሥር ይዛ፣ ፊቷን አብርታ መጣች።

«ሆሽ ቡልዱክ!»

«ምን ማለት ነው?»

«እንኳን ደህና...» ብላ ቆመች። ሴትዮዋ ያለችው ትዝ አላት። በር ላይ ሲቀበሏችሁ የምትመልሱት ነው ያለችው። «እንኳን ደህና ቆያችሁ ማለት ነው።»

«ከመንገድ የመጣሁት እኔ፣ ደህና ቆየህ የምትዪኝ አንቺ?»

«ተወው፤ ሌላ አለ። ሜኑዩ አላቢሊር ሚይም?»

«እሱስ?»

«ሜኑ ማየት እችላለሁ ወይ?»

«ታዲያ ብብትሽ ሥር ያለው ምንድነው?»

እታለም ወደ ብብቷ አየች። ቶሎ ብላ ሌላ ፈለገች፤ አፏ ላይ የመጣው «ኤት የሚዮሩም» ሆነ። ሥጋ አልበላም።

«አንቺ!» አለ አቶ ጨው። «ትናንት ከድስቴ ሥር አጥንት የጋጠች ማን ነበረች?»

«ዝም በል! ቱቫሌት ኔሬዴ?» ይህ እንኳ ትርጉም አላስፈለገውም። አቶ ጨው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ወይኔ እታለም! ይህን ሁሉ ዓመት የሠራሽበት ቤት ሽንት ቤቱ ጠፋብሽ? በጓሮ በኩል ነው፤ በስተግራ!»

ወንበር ስባ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ያጠናችውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሐሳቧ ፈተሸችው። ውኃ ስጡኝ። ዳቦ ጨምሩልኝ። የሚያቃጥል አይሁን። ሹካ ወደቀብኝ። ሁሉም የተቀማጭ ነገር ነው፤ አንዱም የቋሚ አይደለም። ሴትዮዋ ያስተማረችው ለመንገደኛ ነው፤ በዓለም ላይ የሚበላ እንጂ የሚያበላ ሰው ያለ አልመሰላትም። እታለም ደግሞ እያንዳንዱ ቃል ምን ማለት እንደሆነ እያወቀች፣ የማን እንደሆነ አንድ ቀን ቆም ብላ አላሰበችም።

አቶ ጨው ፊቷን ሲያይ ሳቁን ዋጠ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለ፣ ለማጽናናት ፈልጎ። የማጽናናት ስጦታ አልተሰጠውም።

«አልተፈታም» አለች። «ለመሆኑ አቶ ጨው፣ እኔ ደንበኛን በአማርኛ ምን እለዋለሁ?»

«በጣም ብዙ።»

«ከሥራው ጋር የሚያያዘውን ነው የምልህ። ምንም አልለውም! እሱ ይላል፤ እኔ አመጣለሁ። የሚለውን ሁሉ ደግሞ በቃሌ ይዤዋለሁ።» ስልኳን ከኪሷ አውጥታ ሰጠችው። «ሂድ ማድ ቤትህ ግባ። ቱርክኛውን ብቻ እያወጣህ፣ ቅደም ተከተሉን እያዘበራረቅህ ጩኽብኝ።»

አቶ ጨው በቅባት ጣቱ ስልኩን እየነካካ፣ የሴትዮዋን ድምፅ አንዴ እያሰማ አንዴ ራሱ በጎርናና ድምፁ እየደገመ ሲያዝዛት አመሸ። መጀመሪያ ላይ አስቸገራት። «ሱ» ሲላት ውኃ ማምጣት ትታ «ሱ» ብላ ትመልሳለች፤ አፏ እጇን ይቀድማል። ቀስ በቀስ አፏ ሥራ ፈታ። «ኤክሜክ» ሲል እጇ ዳቦው ላይ ነው፤ «ቻታል» ሲል ሹካው ላይ። የማታ ደንበኞች መግባት ሲጀምሩ አቶ ጨው ራሱ የሚለውን ባያውቅም እሷ ታውቅለት ነበር።

ሐሙስ ምሳ ላይ ሦስቱ መጡ። ኀላፊው ትከሻው ሰፊ፣ ሪዙ ሸበቶ ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎታል። ሁለተኛው ወፍራምና ሳቂታ ነው። ሦስተኛው ቀጭን ወጣት ነው፤ የጥፍሮቹ ዙሪያ በማሽን ዘይት ጠቁሯል። ባለቤቱ ክራባት አስሮ ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ እንደ ሐውልት ቆሟል።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች እታለም በሩ ላይ፣ በሙሉ ድምፅዋ፣ በአማርኛ።

«ሆሽ ቡልዱክ» አለ ኀላፊው ዓይኑ ወንበር እየፈለገ።

በትንሿ መስኮት የአቶ ጨው ዓይን ሲያፈጥባት ተሰማት። አላየችውም። ብታየው ያስቃታል።

ተቀመጡና ያወሩ ጀመር። ንግግራቸው የሴትዮዋን አይመስልም፤ ከባልዲ እንደሚገለበጥ ጠጠር ነው። ውኃ እየቀዳች ጆሮዋን ጣለች፤ ምንም የለም። ሰላጣ አስቀመጠች፤ አሁንም ምንም። የልብስ ሰፊው የስፌት ማሽን በፎቁ መስኮት ሥር ቁጭ ብሎ ታያት። ከዚያ ከጠጠሩ መካከል አንዲት የምታውቃት ድንጋይ ወደቀች። «ኤክሜክ።» ዳቦ አቀረበች። ወፍራሙ ሰው ሾርባውን ቀምሶ «ቱዝ» አለ። እታለም የጨው ዕቃውን ከሌላ ጠረጴዛ አንሥታ፣ በጀርባዋ ከማድ ቤት በኩል ከልላ አቀበለችው። ይህን አቶ ጨው ቢያይ ዕድሜው ያጥር ነበር።

ዋናውን ምግብ አስተርጓሚው አስቀድሞ በስልክ አዝዟል፤ ለሦስቱም የተጠበሰ ሥጋ። አቶ ጨው ከጠዋት ጀምሮ ምድጃው ሥር ነበር። እታለም ሦስቱን ሳህን አስቀምጣ እጇን ሳትሰበስብ፣ ቀጭኑ ወጣት ወደ ኀላፊው ዘንበል ብሎ ለስለስ ባለ፣ ያፈረ በሚመስል ድምፅ «ኤት የሚዮሩም» አለ። ወፍራሙ ሳቀና የወጣቱን ሳህን ወደ ራሱ ሳበው። ኀላፊው ዳቦውንና ሰላጣውን ወደ ወጣቱ ገፋ አደረገለት። የለመዱት ነገር እንደሆነ ያስታውቃል፤ ማንም ወደ እሷ ቀና አላለም።

እታለም ከማሰቧ በፊት የማድ ቤቱ ትንሽ መስኮት ዘንድ ደርሳ ነበር።

«አቶ ጨው፣ ሥጋ ያልነካው አንድ ሳህን። ምስር፣ ሩዝ፣ ያ የጠበስከው ድንች። አሁኑኑ!»

«ደግሞ ሥጋ አልበላም ልትዪኝ ነው?»

«ዛሬስ እንግዳው ነው ያለው።»

ባለቤቱ ክራባቱን እየጎተተ መጣ። «ምንድነው? ሥጋውን ጠሉት?»

«አይ ጋሼ። ልጁ ሥጋ አይበላም።»

«ማን ነገረሽ?»

«እሱ ራሱ።»

ሳህኑን ከወጣቱ ፊት አኖረችው። ወጣቱ የቆረሰውን ዳቦ እንደያዘ ቀረ። ምስሩን አየ፤ እሷን አየ። ኀላፊው መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደና አንድ ረጅም ጥያቄ ጠየቃት። ከጥያቄው የያዘችው «ቱርክቼ» የምትለዋን ብቻ ነው፤ ግን ምን ሊጠይቅ ይችላል? ትሪዋን አስቀመጠች። በጣቷ ጆሮዋን አሳየችና ራሷን ከላይ ወደ ታች ነቀነቀች። ከዚያ አፏን አሳየችና ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች።

ቀጥሎ ወፍራሙ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታና ሦስቱም በአንድ ጊዜ ሳቁ። ኀላፊው አላመነም መሰለኝ ሊፈትናት ፈለገ። «ፔቼቴ» አለ፤ የወረቀት መሐረብ ቀረበ። «ቻታል» አለ ሹካው በእጁ እያለ፤ ሌላ ሹካ ቀረበ። ወፍራሙ በተራው ተንጠራራና ቀልድ ይሁን ቁም ነገር በማይለይ ፊት «ቱቫሌት ኔሬዴ?» አላት። እታለም እጇን ዘረጋች፤ በጓሮ በኩል፣ በስተግራ። ከማድ ቤት ውስጥ ድስት የወደቀ የሚመስል ሳቅ ተሰማ። ወፍራሙ ግን የምሩን ኖሮ ተነሥቶ ሄደ።

ሻይ ጠጥተው ሊነሡ ሲሉ ኀላፊው ባዶ ሳህኑን እያሳየ «ኤሊኒዜ ሳሊክ» አለ። ይህ የእሷ ድርሻ አልነበረም። ወደ ማድ ቤት ሄዳ አቶ ጨውን ክንዱን ይዛ አወጣችው።

«እጅህ ይባረክ ነው የሚልህ። እጅ ንሣ።»

አቶ ጨው በፎጣ እጁን እየጠረገ ጎንበስ አለ። «ጨው አላነሰውም ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ።»

«አፍ የለኝም ብያቸዋለሁ እኮ። ጆሮ ብቻ ነኝ።»

ኀላፊው ከባለቤቱ ጋር በጣትና በወረቀት ሲነጋገር ቆየ። ባለቤቱ ወደ ጣሪያው አመለከተ። ሁለቱ ተከታትለው ደረጃውን ወጡ፤ ከላይ የወንበር መንኳኳትና የመስኮት መከፈት ተሰማ። እታለም ጠረጴዛውን እያነሣች የእግራቸውን ድምፅ ተከተለች፤ መጀመሪያ ወደ መስኮቶቹ፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው፣ ከዚያ ወደ ደረጃው። ኀላፊው ሲወርድ የእጁን አቧራ አራገፈና በሩ ጋ ሲደርስ እንደ መሰናበት ጆሮውን በጣቱ ነካ አደረገላት።

ሰዎቹ መንገዱን እንደ ተሻገሩ ባለቤቱ ክራባቱን ፈታ።

«ሰኞ ይጀምራሉ» አለ። «ሁሉም። ለልብስ ሰፊው ምን እንደምለው እንጃ፤ ተስፋ ሰጥቼው ነበር።»

«እኔ እነግረዋለሁ ጋሼ» አለች እታለም። «እርስዎ ቁልፉን ይስጡኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ተሸካሚዎች መጥተው የተሰበሩትን ወንበሮችና ባዶ ሲሊንደሮቹን ከፎቁ ክፍል አወረዱ።