የእኔ ያልነበረው ጊታር

የበደለኝ የፊዚክስ አስተማሪው ነው። የበደለኝም ሆሳዕና ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያናችን በደርግ በታሸገ በሁለተኛው ዓመት፣ በመጋቢት ወር ነው። ስሙን አልጽፍም። ልጆች አሉት፤ እነሱ ምንም አላደረጉኝም። አሁን ሸምግሎ፣ በወጣትነቱ ጊታር ይጫወት እንደነበር ለሰው ያወራል አሉ። የማን ጊታር እንደነበረ ግን አይናገርም። እሱን እኔ እናገራለሁ።

በዚያን ጊዜ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምር ነበር። የምኖረው የሁለተኛ ደረጃው የጂኦግራፊ አስተማሪ ግቢ ውስጥ በተከራየሁት አንድ ክፍል ነው። ቆጡ ላይ፣ በደረቅ የእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ጊታር ነበረ። የመዘምራኑ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ሊታሸግ ነው ሲባል ዕቃውን ተከፋፍለን በየቤታችን አስገባነው። ከበሮው ዶዮገና ሄደ፤ አኮርዲዮኑ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጊታሩ ለእኔ ደረሰ። የመዘምራን መሪያችን በታሰረበት ሳምንት በእጄ አስይዞኝ «ሲከፈት ይዘሽው ትመጫለሽ» አለኝ። ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም።

ከዚያ በኋላ ተበታተንን። መንገድ ላይ ስንገናኝ እንኳ ሰላምታችን አጭር ሆነ፤ ረዘም ካለ ስብሰባ ይባላል። እሑድ እሑድ በሬን ዘግቼ ጊታሩን አወርድና ድምፅ እንዳይወጣ ክሮቹን በጣቴ ጫፍ ብቻ እነካካ ነበር። በሳምንቱ ውስጥ ከዚያ የሚረዝም ጨዋታ ከሰው ጋር አልነበረኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት አምስት ወንዶች አስተማሪዎች በአከራዬ ቤት ይሰበሰባሉ። ቴፕ ነበረው። ካሴቶቹ ከአዲስ አበባ የሚመጡ፣ ከካሴት ወደ ካሴት የተቀዱ የፈረንጅ ሮክ ናቸው። የኢምፔሪያሊስት ሙዚቃ ስለሚባል መስኮት ተዘግቶ ነው የሚደመጠው። ሚስቱ ስለምትጠራኝ እሄዳለሁ፤ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ።

ክርክሩ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ከባንዶቹ የትኛው ይበልጣል፣ ከጊታር ተጫዋቾቹስ ማን ይበልጣል። አከራዬ የሚሟገተው በወጣትነቱ ለሞተው ግራኝ አሜሪካዊ ነበር። «ጊታር ገልብጦ ይዞ እንደሱ የተጫወተ አንድ ሰው ጥሩልኝ!» ይላል። ሌላው ደግሞ ጥሩ ዘፋኝ የሌለው ባንድ ባንድ አይባልም ብሎ ይነሳል። የፊዚክስ አስተማሪው የአንድ እንግሊዛዊ ጊታር ተጫዋች ደጋፊ ነበር። ሰብሳቢውም እሱ ነው። በመጨረሻ ልክ እንደ ቀበሌ ስብሰባ «እጅ አውጡ!» ይልና ይቆጥራል። የእኔን እጅ ቆጥሮ አያውቅም። የአከራዬን ሚስት እጅ አንድ ቀን ቆጥሯል፤ ለእንግሊዛዊው ስላወጣች።

እኔ የምወደው ጥቂት የሚመታውን፣ መሀል ላይ ዝም ማለት የሚያውቀውን ነበር። የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

በዚያ መጋቢት ከከተማው የባትሪ ድንጋይ ጠፋ። መብራት የሚመጣው ማታ ብቻ ስለሆነ ቀን ቴፑ የሚሠራው በድንጋይ ነው። አከራዬ አራቱን ድንጋዮች ፀሐይ ላይ እያሰጣ ሦስት ሳምንት ገፋባቸው። በእነዚያ ሳምንታት እንግሊዛዊው እየጎረነነ፣ እየከበደ ሄደ። የፊዚክስ አስተማሪው ደስታውን አልቻለውም።

«ስሙት እስቲ ይሄን ክብደት! የእናንተዎቹ ይሄ አላቸው?»

«ዘፈኑ ወርዷል» አልኩ።

ዞር ብሎ አየኝ። «ምን ሆነ?»

«ድምፁ ወርዷል። ባለፈው ወር ከዚህ ከፍ ያለ ነበር። ድንጋዩ ደክሞ ካሴቱ እየተጎተተ ነው።»

«ሰማችሁ? ሰውየው እየተጫወተ ድንጋይ ጨረሰ!» ሳቁ። «አንቺ፣ ይሄ እኮ የጴንጤ መዝሙር አይደለም። ሮክ ውስጥ ክብደት የሚባል ነገር አለ።» ክብደት የሚለውን ቃል የእኔን የሀዲያ ቅላጼ አስመስሎ ደገመው። አከራዬም ሳቀ። እሱ ራሱ የቦኖሻ ልጅ፣ ሀዲያ ነው። ያንንም አልረሳሁም።

ተነስቼ ወደ ክፍሌ ሄድኩና ጊታሩን ከቅጠሉ አወጣሁ። ሁለት ዓመት ያህል የተጠነቀቅኩለትን ነገር ለአንድ ክርክር ብዬ አጋለጥኩ። ማንም አላስገደደኝም።

ይዤው ገባሁ። የዚያን ዘፈን መግቢያ እሑድ እሑድ በጣቴ ለምጄው ነበር። አሁን በሙሉ ድምፁ መታሁት፤ ከቴፑ ጋር ጭራሽ አልገጠመም። «በሉ ደህና ድንጋይ አድርጉበት» አልኩ። አከራዬ ለዜና ብቻ የሚቆጥባትን ሬዲዮ አምጥቶ ድንጋዮቿን ወደ ቴፑ አዛወረ። እንግሊዛዊው ፈጠነ፣ ቀጠነ፣ እኔ ከመታሁት ጋር ልክ በልክ ገጠመ።

«አይ ፊዚክስ!» አለ አንዱ ጭኑን እየመታ። «ክብደቱ የድንጋይ ነበር ለካ!»

«ሰኞ ለተማሪዎችህ ምን ልትላቸው ነው?» አለው ሌላው።

ያን ቀን እጅ ሲወጣ የእኔም ተቆጠረ። የቆጠረው አከራዬ ነው። የፊዚክስ አስተማሪው አልሳቀም። ጊታሩን ነበር የሚያየው።

«ጥሩ ጊታር ነው። ከየት አገኘሽው?»

«የወንድሜ ነው።»

ወንድም የለኝም። የአከራዬ ሚስት ይህንን ታውቃለች፤ ዝም አለች። ለእሷ ያለኝ ምስጋና ይኸው ነው።

ሰኞ የቀበሌው ሊቀመንበር ከሁለት ጥበቃዎች ጋር መጣ። «ጓዲት፣ ከታሸገው ቤተ ክርስቲያን የወጣ ጊታር አንቺ ዘንድ አለ ተብሏል።»

«ማን አለ?»

«የፊዚክሱ ጓድ ነው። ለኪነት ቡድናችን ተቆርቁሮ። ሊመሰገን ይገባዋል።»

እኔን ማሰር አልፈለጉም፤ የፈለጉት ጊታሩን ነው። አስረክቤያለሁ ብዬ ፈረምኩ። ለመዘምራን መሪያችን እስር ቤት ስንቅ የምታመላልሰውን እህቱን ከዚያ በኋላ ሳያት መንገድ እቀይር ጀመር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የፊዚክስ አስተማሪው ጊታሩን ተሸክሞ ትምህርት ቤቴ ድረስ መጣ። «እህቴ፣ የኪነቶቹ ልጆች መቃኘት አቃታቸው። ለላብ አደሮች ቀን ነው። እኔም ትንሽ ትንሽ ጀምሬያለሁ። እስቲ ቃኚልን» አለ። እህቴ ሲለኝ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።

በዕረፍት ሰዓት፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ቃኘሁለት። አምስቱን ክር እንደሚገባ ቃኘሁ። ሁለተኛውን ሆን ብዬ ዝቅ አደረግኩት። ወዲያው ያውቃል ብዬ ጠበቅኩ። ክሮቹን አንድ በአንድ ነካካና «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ።

በበዓሉ ቀን ተማሪዎቼን አሰልፌ ሜዳው ላይ ቆምኩ። መድረክ ላይ ወጥቶ ተጫወተ። ያ ክር በተመታ ቁጥር ጥርሴን ያመኝ ነበር። ዙሪያዬን ባይ ሁሉም ያጨበጭባል። ከመዘምራኑ አንድ ሰው እንኳ ቢኖር ፊቱን ያጨፈግግ ነበር፤ በዓይን እንተያይ ነበር። ከመካከላቸው አንድም ሰው አላየሁም። ከሜዳው ስንወጣ አከራዬ አጠገቤ ደርሶ «ምን ይወጣለታል! ጥሩ አልተጫወተም?» አለኝ።

«ጥሩ ነው» አልኩት።

ቅዳሜ እነሱ ቤት መሄድ ተውኩ። በሰኔ የዝውውር ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ «የግል» ብዬ ሞላሁ። በመስከረም ሆመቾ ገባሁ፤ እዚያ አሥራ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተማርኩ።