አብዱናሲር የተሸከመው ድንጋይ

አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ሱልጣናን የማያውቅ ሹፌር ካለ ወይ ለመስመሩ አዲስ ነው፣ ወይ ቁርስ አይበላም። አውቶቡሶች ለእረፍት ከሚቆሙበት አጠገብ ባለች ቆርቆሮ ቤቷ ፉልና ሻይ ትሸጣለች። እጇ ፈጣን ነው፤ ምላሷ ደግሞ እጇን ይቀድመዋል። "ዳቦው ደረቀ" ያላትን ደንበኛ "እስቲ መጀመሪያ ጥርስህን ልየው" ትለዋለች። ባሏ አብዱናሲር ከመንገዱ ማዶ ጎሚስታ ነው፤ የከባድ መኪና ጎማ ሲፈታና ሲገጥም ይውላል። እሷ የምታወራውን ያህል እሱ ዝም ይላል። የሰፈሩ ሰው "ሁለቱን ደባልቀው እኩል ቢያካፍሏቸው ሁለት ደህና ሰው ይወጣቸው ነበር" እያለ ይቀልድባቸዋል።

የአብዱናሲር አባት ከወሎ ወርደው፣ ከአዋሽ ከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ በምትርቅ ቦይ ማዶ በምትባል የወንዝ ዳር መንደር ሽንኩርት ሲያለሙ ኖረው እዚያው ተቀበሩ። እርሻውን የወረሰው ታላቁ ልጅ መሀመድአሚን ነው። በዚያችው መንደር የእትዬ ኑራ ቤተሰብም አለ። ሁለቱ ቤቶች ገና ወሎ ሳሉ በድንበር የተጣሉ ናቸው። ሰው አገሩን ለቆ ሲሄድ የሚይዘውን ይመርጣል፤ እነዚህ ግን ግማሽ ዕቃቸውን ትተው ጠባቸውን ሳያጎድሉ ይዘውት መጡ። ደጋ ላይ በድንበር የተጣሉት ቆላ ወርደው በውሃ ተራ ተጣሉ።

የዛሬ አራት ዓመት፣ ሽንኩርቱ ውሃ በሚጠማበት ወር፣ ቦዩ ላይ ግርግር ተነሳ። ተራው የኔ ነበር ብሎ ሁለቱም ወገን እስከ ዛሬ ይምላል። የሆነው ሆኖ፣ የእትዬ ኑራ ልጅ ጭንቅላቱን በአካፋ ተመትቶ ወደቀ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ። ያን ቀን አብዱናሲር አዋሽ ከተማ ነበር። ምሳውን ይዛለት የሄደችው ሱልጣና ራሷ ናት። ተሳቢ መኪና ሥር ገብቶ እግሩ ብቻ ይታይ ነበር፤ "ምሳህ መጥቷል" ስትለው እግሩን ነቅነቅ አድርጎ መለሰላት።

ቦይ ማዶ ላይ ደም ከፈሰሰ መድረቅ አለበት፤ ካልደረቀ ሌላ ደም ይጠራል። የሚደርቀውም እንዲህ ነው። የገዳይ ቤት ወንዶች፣ የመታውም ያልመታውም፣ በባዶ እግራቸው ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው ከሟች እናት ደጅ ይቆማሉ። "በድለናል፣ ማሩን" ይላሉ። ማን መታ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከቤቱ አንድ ወንድ ከቀረ ዕርቁ ዕርቅ አይባልም። ዕርቁ በዱዓ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ የመቺውን ስም ማንሳት ክልክል ነው፤ ስሙ ከተነሳ ሁሉም ይፈርሳል።

አብዱናሲር መሄድ አልፈለገም ነበር።

"እኔ የት ነበርኩና?" አለ።

"ወንድምህን ብቻውን ልታቆመው ነው?" አለችው ሱልጣና። "ነገ የዚህን ቤት ልጅ ማን ያገባል? ሂድ፣ ተሸከም፣ ና። ግማሽ ቀን ነው።"

ግማሽ ቀን ያለችው ሦስት ዓመት ሆነ። እሱ፣ መሀመድአሚንና ዓይነ ስውሩ አጎታቸው ድንጋያቸውን ተሸክመው ቆሙ። እትዬ ኑራ አለቀሱ፤ ሽማግሌው ሼህ ዳውድ ዱዓ አደረጉ። ወር ሳይሞላ ፖሊስ ሁለቱን ወንድማማቾች ያዘ። ሦስት ምስክሮች "ድንጋይ ተሸክመው በድለናል ሲሉ ሰምተናል" አሉ፤ አንዱ ደግሞ አብዱናሲርን ቦዩ ላይ ከሩቅ በጀርባው ለየሁት አለ። ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይላል ያገሬ ሰው። አብዱናሲር ግን ተከላከል ሲባል "የምለው የለኝም" አለ፤ ሱልጣናንም ምስክር አልቆጠራትም። እኔ አልነበርኩም ማለት ወንድሜ ነው ማለት መሆኑን ያውቃል። መሀመድአሚን አሥራ ስድስት ዓመት፣ እሱ አሥራ አራት ዓመት ተፈረደባቸው።

ሱልጣና ከዚያ ወዲህ ፉሏን መሸጥ አልተወችም፤ ቀልዷ ግን ቀነሰ። ድንጋዩን ትከሻው ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ ብላ ታምናለች። እውነትም ነው።

ይግባኙ ሰመራ ገባ። እሷም በየቀጠሮው ሱቋን ለጎረቤቷ ለሐያት አደራ እየሰጠች፣ ገዋኔንና ሚሌን አልፋ ሎጊያ እያደረች፣ ጠዋት በሚኒባስ ሰመራ ትገባለች። የባሏ ተከላካይ ጠበቃ ፍሬምናጦስ ይባላል፤ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውል የሚውል፣ ነገር የማያለባብስ ወጣት ነው። ከመጨረሻው ክርክር ሁለት ቀን በፊት ቢሮው አስቀምጦ አስረዳት።

"ሁለቱም ላይ ያለው ማስረጃ ደካማ ነው። ዝም ካሉ ሁለቱም ሊወጡ ይችላሉ፣ ሁለቱም ሊቀሩ ይችላሉ። መሀመድአሚን እውነቱን ከተናገረ ግን ባልሽ ይወጣል፤ እሱ ይቀራል።"

"ታዲያ ለምን አትነግረውም?"

"እሱ የራሱ ጠበቃ አለው። ራስህ ላይ መስክር ብዬ ልለምነው አልችልም።" መነጽሩን አደረገ። "አንቺ ግን ጠበቃ አይደለሽም።"

በማግስቱ ቴምርና ዳቦ ይዛ ማረሚያ ቤት ሄደች። መሀመድአሚን በሽቦው ማዶ ቆመ፤ ጺሙ ሸብቷል። አራት ልጆች አሉት፤ ትንሿ ስትወለድ እሱ ታስሮ ነበር።

"አያ፣ ልለምንህ የማይገባኝን ልለምንህ ነው የመጣሁት" አለችው።

ምን እንደሆነ ገብቶታል።

"ጠበቃዬ አፍህን ዝጋ ብሎኛል" አለ። "ልትወጣ ትችላለህ ብሎኛል። ልጆቼን ማየት የማልፈልግ መሰለሽ?"

"እንደምትፈልግ አውቃለሁ።"

"ዕርቁስ? ስሜን በገዛ አፌ ካነሳሁ ይፈርሳል። እኔ እዚህ ነኝ፤ ደም ቢፈለግ የሚፈለገው ከልጆቼ ነው።"

ሱልጣና በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇ ምላሷን ቀደመው፤ ቴምሩን በሽቦው አሳልፋ ሰጠችውና ወጣች። ወደ ሎጊያ ስትመለስ አለቀሰች። ያስለቀሳት እንቢ ማለቱ አልነበረም፤ የተናገረው ሁሉ ልክ መሆኑ ነው።

በክርክሩ ቀን ችሎቱ ውስጥ ማቀዝቀዣው ከጠበቆቹ በላይ ይጮህ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ስለ ድንጋዩ ተናገረ፤ ፍሬምናጦስ ባህል ነው ብሎ መለሰ። ሰብሳቢዋ ዳኛ ይግባኝ ባዮቹ የሚጨምሩት ካለ ጠየቁ። አብዱናሲር እንደ ልማዱ ራሱን ነቀነቀ። መሀመድአሚን ግን ተነሳ። ጠበቃው እጅጌውን ያዘው፤ አስለቀቀው።

"አካፋውን ያነሳሁት እኔ ነኝ" አለ። "ወንድሜ ያን ቀን አዋሽ ነበር የዋለው። እትዬ ኑራ ደጅ ላይ የተሸከመው የኔን ድንጋይ ነው።"

"አያ፣ ተው!" ብሎ አብዱናሲር ጮኸ። በሦስት ዓመት ውስጥ ችሎት ፊት፣ "የምለው የለኝም" ከማለት ሌላ፣ የተናገረው ይህንኑ ብቻ ነው።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ስሙ አንዴ ከተነሳ የሼህ ዳውድም አፍ ተፈታ። ፍርድ ቤቱ ሲጠራቸው መጥተው ልማዱን አስረዱ። ያልገደለ ሰው ለምን በድለናል ይላል ሲባሉ፣ ሼሁ ትንሽ ተቆጡ።

"ዓይነ ስውሩ አጎታቸውም ተሸክሟል እኮ። እሱም አይቶ መታ ልትሉኝ ነው?"

ውሳኔው ከወር በኋላ ተነበበ። አብዱናሲር በነጻ ተለቀቀ። የመሀመድአሚን አሥራ ስድስት ዓመት ግን አንድ ቀን እንኳ ሳይነካ ጸና። ሱልጣና ደስ አላት፤ ደስ በማለቷም አፈረች።

ጎሚስታ ቤቱ በተከፈተ በሳምንቱ የሼህ ዳውድ መልእክት ደረሰ። ስም ተነስቷልና ዕርቁ ፈርሷል፤ ቤቱ እንደገና ድንጋይ ይሸከም። ከቤቱ የቀሩት አዋቂ ወንዶች አብዱናሲርና ዓይነ ስውሩ አጎት ብቻ ናቸው።

"ወላሂ አትሄድም!" አለች ሱልጣና። ያኔ ሂድ ያለችው እሷ ስለነበረች አሁን ሁለት እጥፍ ጮኸች። "አንዴ ተሸክመህ ያገኘኸውን አየን!"

"የአያ ልጆች አሉ" አለና የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ጀመረ።

ሴት ከዕርቅ ደጅ አትቆምም። ሱልጣና ግን ተከትላው ሄዳ አጥሩ ጋ ቆመች፤ ዞር በይ ያላትም አልነበረም። አብዱናሲር ጫማውን አወለቀ፣ ድንጋዩን አነሳ፣ አጎቱን በክንዱ ደግፎ ከእትዬ ኑራ ደጅ ቆመ። "በድለናል፣ ማሩን" አለ። እትዬ ኑራ በምርኩዝ ወጡ። በአራት ዓመት አሥር ዓመት አርጅተዋል።

"አንተ አውርደው" አሉት።

አብዱናሲር ወደ ሼሁ አየ።

"አውርደው፣ ልጄ። አንተ እንዳልነበርክ ያኔም አውቃለሁ። ቦዩ ዳር ነበርኩ፤ ልጄን የመታው አንድ ሰው ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለት አሰርን ሲሉኝ ግን አይቻለሁ አላልኩም። አንድ ሞቶብኝ ሁለት ሲታሰሩ ደስ አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ደስ ሲለኝ ኖርኩ።"

አብዱናሲር ድንጋዩን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። እትዬ ኑራ ምርኩዛቸውን ጣሉና ጎንበስ ብለው ያንኑ ድንጋይ ያዙ። ማንም ሳይደርስላቸው እንደምንም ጉልበታቸው ላይ፣ ከዚያ ደረታቸው ላይ አወጡት። ወደ አጥሩ፣ ወደ ሱልጣና ዞሩ።

"በድያለሁ" አሉ። "ማሪኝ።"

ሱልጣና አፏን ከፍታ ነበር። የሦስት ዓመት ስድብ፣ የሰመራ መንገድ፣ የሎጊያ አዳር፣ ሁሉም ምላሷ ጫፍ ላይ ተሰልፏል። ግን ወደ አሮጊቷ ሄደች፤ ድንጋዩን በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው። ካሰበችው በላይ ይከብዳል። ባሏን ተሸከም ብላ ስትልከው እንዲህ ያለ ድንጋይ አንድም ቀን አንስታ አታውቅም ነበር።

"ይተዉት፣ እትዬ ኑራ" አለች። "ይከብዳል።"